ቮልስ አልነሳም ሲል፦ ቤንዚኑን ከሰልባትዮ እስከ ካርቡሬተር መከተል

ቮልስ ጠዋት አልነሳም ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፈታው ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ነው። ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይገጠማል፤ መኪናው ግን እንደቆመ ነው። ይባስ ብሎ የድሮው ችግር ሳይነካ ከመፍታቱ የመጣ አዲስ ችግር ይጨመርበታል። እኔ የምከተለው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ካርቡሬተር የሚፈታው ካንዴላው (በሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) እሳት እንደሚሰጥና ቤንዚኑ እስከ ካርቡሬተሩ አፍ በደንብ እንደሚደርስ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

እዚህ የማወራው ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዘው፣ ባለ አንድ ሶሌክስ ካርቡሬተር ቮልስ ነው፤ 1200፣ 1300፣ 1500 እና 1600 ሲሲ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሰይቼንቶ (ፊያት 600) ወይም ፔጆ 404 ያላችሁም የፍተሻውን ቅደም ተከተል ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ ዕቃው የሚገኝበት ቦታና ልኩ ግን ይለያያል።

ከመጀመራችሁ በፊት

መኪናውን ከቤት አውጥታችሁ ክፍት ቦታ ላይ አቁሙት። ሲጋራ፣ ከሰል ምድጃ፣ ብየዳ በአካባቢው አይኑር። የዱቄት እሳት ማጥፊያ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው፤ የቮልስ ሞተር ካሳ (የውጭ አካሉ) ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ ማግኒዚየም አንዴ ከተቀጣጠለ ደግሞ ውሃ ሲደፉበት ይብስበታል። ስለዚህ በባልዲ ውሃ አትተማመኑ፤ ማጥፊያው ከሌለ ደረቅ አሸዋ አዘጋጁ።

ሁለተኛው ነገር፣ ቤንዚን በአፍ መሳብ ይቅር። ጋራዥ ውስጥ ሲደረግ ያላየ የለም፤ ግን ወደ ሳንባ የገባች ጥቂት ቤንዚን ሆስፒታል ታስተኛለች። ቮልስ ላይ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም፤ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ከፊት፣ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ቱቦውን ዝቅ ካደረጋችሁት ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳል።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ብዙ አይደሉም፦ 13 ቁጥር ቁልፍ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የ12 ቮልት መሞከሪያ አምፖል ወይም መልቲሜትር፣ አንድ በደህና የሚሠራ ትርፍ ካንዴላ፣ ወፍራም ግልጽ ጠርሙስ እና የጎማ መንፊያ ፓምፕ። የማስነሻ ቁልፉን የሚያዞርላችሁ ሰውም ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ችግሩ የትኛው እንደሆነ ለዩ

«አልነሳም አለ» የሚለው አባባል ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮችን ይይዛል። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ ጭራሽ አይዞር ይሆናል። ወይም በደንብ እየዞረ አይነሳም። ወይም ይነሳና ነዳጅ መስጫውን ስትለቁት ይጠፋል። ወይም ጠዋት ቀጥ ብሎ ተነስቶ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ካልቀዘቀዘም አይነሳም። እያንዳንዳቸው የሚፈተሹበት ቦታ የተለያየ ስለሆነ መካኒክ ጋ ብትሄዱም የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ንገሩት። ግማሽ ሥራው ያለቀ ያህል ነው።

ሞተሩ ካልዞረ

ይህ የቤንዚን ጉዳይ አይደለም። የኋላውን ወንበር አንሱና ባትሪውን ለኩ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ከልክ በላይ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በፊት የወጡ አንዳንድ ቮልሶች 6 ቮልት ስለሆኑ መጀመሪያ የእናንተን አረጋግጡ። እግረ መንገዳችሁን የባትሪው ክዳን መኖሩን እዩ፤ የወንበሩ ሽቦ ወርዶ ሁለቱን ጫፎች ከነካ ሰው እንደተቀመጠ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ማሳዎቹን (ኤሌክትሪኩን በቦዲው በኩል ወደ ባትሪ የሚመልሱትን ሽቦዎች) ተመልከቱ። አንዱ ከባትሪ ወደ ቦዲ፣ ሌላው ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ፊት ወደ ቦዲ የሚሄድ ጠፍጣፋ ሽቦ ነው። ሁለተኛው ከመኪናው ሥር ስለሆነ ማንም አያየውም፤ ጭቃና ዝገት ይበላዋል። ፍቱት፣ በሽቦ ብሩሽ አጽዱት፣ አጥብቃችሁ እሰሩት።

ሲቀዘቅዝ የሚያዞር፣ ሲሞቅ ግን «ቀጭ» ብቻ የሚል ቮልስ የታወቀ በሽታ አለበት። ወደ ሞተሪኖው ትዕዛዝ የሚወስደው ሽቦ ከኋላ ተነስቶ እስከ መሪው ቁልፍ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፤ መንገዱ ረጅም፣ መጋጠሚያውም ያረጀ ስለሆነ ቮልቱ እየሳሳ ይደርሳል። ሞተሪኖ ከመቀየራችሁ በፊት ከሞተሪኖው አጠገብ አንድ ተራ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ) አስገቡ። ብዙውን ጊዜ በዚሁ ይፈታል። ካልተፈታ የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበትን፣ ካምቢዮው ካሳ ውስጥ ያለውን ቡሽ አስፈትሹ፤ አዲስ ሞተሪኖ ገጥመው ያረጀውን ቡሽ እዚያው የሚተዉ ብዙ ናቸው።

እሳቱን ከቤንዚኑ በፊት

ሞተሩ እየዞረ ካልተነሳ ቤንዚን ከመንካታችሁ በፊት እሳቱን ፈትሹ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፤ የእሳት ፍተሻ ብልጭታ ያመጣል፣ የቤንዚን ፍተሻ ደግሞ ጭስ የማይታይበት ትነት ይለቃል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ መሆን የለባቸውም።

አንዱን የካንዴላ ሽቦ ነቅላችሁ በትርፉ ካንዴላ ላይ ሰኩት። የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስጠግታችሁ እሰሩትና ሰው ቁልፍ ያዙር። ደማቅ፣ ሰማያዊ ያለው እሳት ካያችሁ ወደ ቤንዚን እለፉ። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ መሞከሪያውን አምፖል ቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ዕቃ) ላይ 15 ከሚለው ጫፍ አገናኙ፤ ቁልፍ ሲከፈት መብራት አለበት። ከዚያ 1 ወደሚለው ጫፍ አዛውሩት፤ ሞተሩ ሲዞር ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። ካላለ ፑንቲናው (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው ማብሪያ) አይከፍትም ወይም አይዘጋም።

የፑንቲና ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ፊቱ ከጠቆረ ወይም ከተቦረቦረ ቀይሩት፤ በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገ ፑንቲና ለጥቂት ቀን ነው የሚሠራው። ክፍተቱ ሲቀየር የእሳቱ ሰዓትም ስለሚዛነፍ በኋላ ታይሚንጉን ማየት አትርሱ። ኮንደንሰሩ ርካሽ ስለሆነ አብሮ ይቀየር። የካንዴላ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሰው ነካክቶት ከሆነ ደግሞ ሽቦዎቹ በቦታቸው መሆናቸውን እዩ፤ ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፣ በካርቡሬተሩ በኩል የሚተኩስ ሞተር ብዙ ጊዜ ሽቦ የተቀያየረበት ነው።

ቤንዚኑ ደርሷል?

አሁን ቁልፉን ዝጉና የአየር ፊልትሮውን አንሱ። የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ከላይ እያያችሁ የነዳጅ ማዘዣውን ክንድ በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ሳቡት። ከጎን ካለችው ቀጭን የነሐስ ቱቦ ቤንዚን ቀጥ ብሎ መረጨት አለበት። ይህች ቀላል ሙከራ ብዙ ትናገራለች። ከተረጨ የካርቡሬተሩ ገንዳ ቤንዚን አለው፤ ከሰልባትዮ እስከዚህ ያለው መንገድ ቢያንስ እስከ ቅርብ ጊዜ ክፍት ነበር ማለት ነው። ካልተረጨ ወይ ገንዳው ባዶ ነው፣ ወይ የመርጫው ሜምብሬን (ቤንዚኑን የሚገፋው ስስ ሽፋን) ተቀዷል። የትኛው እንደሆነ የሚቀጥለው ሙከራ ይለየዋል።

15 ከሚለው የቦቢና ጫፍ ላይ ሽቦውን ነቅላችሁ እንዳይነካካ በቴፕ ሸፍኑት። ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተር የሚሄደውን ቱቦ ከካርቡሬተሩ በኩል አውጡና ጫፉን ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ። ሰው ቁልፍ ያዙር፤ ከአሥር ሴኮንድ በላይ ግን አያቆይ፣ ሞተሪኖው ይሞቃል። ገንዳው ብቻ ሳይሆን ቱቦውም ደርቆ ከነበረ ሁለት ሦስት ዙር ሊፈልግ ይችላል። ጤነኛ ፓምፕ ቤንዚኑን ምት በምት፣ በጉልበት ይተፋል። ጠርሙሱን አንስታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ከሥር ውሃ ተለይቶ ተኝቷል? ቀይ ቡናማ ደቃቅ አለ? ዝገት ካያችሁ ችግሩ ሰልባትዮ ነው፤ ካርቡሬተሩን ብታጥቡት በሳምንቱ ይመለሳል።

ምንም ካልመጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ወደ ፓምፑ የሚገባውን ቱቦ አውጡና ጫፉን ከመኪናው ወለል ዝቅ አድርጋችሁ ጠርሙስ ውስጥ ያዙት። ሰልባትዮው ቤንዚን ካለው በራሱ መውረድ ይጀምራል። በደንብ ከወረደ ተጠያቂው ፓምፑ ነው። ካልወረደ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ቤንዚኑ መውረድ ከጀመረ የታፈነው መተንፈሻው ነው። ይህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚቆም፣ ትንሽ ካረፈ በኋላ ደግሞ የሚነሳ መኪና ምክንያት ሆኖ ይገኛል፤ ብዙ ፓምፕም በዚህ ሰበብ ያለ ጥፋቱ ተቀይሯል።

ክዳኑ ተከፍቶም ካልወረደ የጎማ መንፊያውን ከኋላው ቱቦ ጋር አገናኙና ቀስ ብላችሁ ወደ ሰልባትዮ ንፉ። ሰው ከፊት ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጥ፤ ቤንዚኑ ውስጥ የመንቦቅቦቅ ድምፅ ከተሰማ መንገዱ ተከፍቷል። ግን ይህ ጊዜያዊ ነው። ያፈነው ቆሻሻ ተመልሶ ወደ ሰልባትዮ ሄደ እንጂ አልወጣም። ሰልባትዮው በአራት ብሎን ብቻ የታሰረ ስለሆነ ማውረዱ ከባድ አይደለም። አውርዱት፣ ከሥሩ ያለችውን ወንፊት አውጥታችሁ እጠቡ፤ ዝገቱ ብዙ ከሆነ የሚያጥብ ሰው ጋ ውሰዱት። ቤንዚን የነበረበትን ሰልባትዮ ለብየዳ የምትሰጡ ከሆነ፣ ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው።

ፓምፑ

የቮልስ ፓምፕ ኤሌክትሪክ የለውም። ከዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ዕቃ) ማዞሪያ ዘንግ ጋር የሚዞር ካም አንዲት ቀጭን ዘንግ ወደ ላይ እየገፋ ሜምብሬኑን ያንቀሳቅሳል። ፓምፕ ስትገዙ የምትሳሳቱት እዚህ ነው፤ ዲናሞ ባላቸው ሞተሮች ላይ የዘንጓ ርዝመት 108 ሚሊ ሜትር፣ ኦልተርኔተር ባላቸው የኋለኞቹ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅሟን ዘንግ ከኋለኛው ፓምፕ ጋር ካጋጠማችሁ ፓምፑ ይሰበራል፤ አጭሯ ደግሞ ከቀደመው ጋር በቂ አይመታም። ዘንጓ ከፍተኛው ቦታ ላይ ስትሆን ከነጓርኒሲዮኑ ከፕላስቲክ መቀመጫው በላይ 13 ሚሊ ሜትር መውጣት አለባት። ከበለጠች ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባ ስስ ማሸጊያ) ጨምሩ፣ ካነሰች ቀንሱ። ግፊቱ 3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃል። አንዳንድ አዲስ ፓምፕ ከዚህ በላይ ይገፋና የካርቡሬተሩን መርፌ (ገንዳው ሲሞላ ቤንዚኑን የሚዘጋውን) አልፎ ሞተሩን በቤንዚን ያጥለቀልቃል፤ ሰው ግን ካርቡሬተሩን ይወቅሳል።

ፓምፑን ባትፈቱም የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከልኩ በላይ ከጨመረ ሜምብሬኑ ተቀዶ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ሆድ እየገባ ነው፤ ወይም መርፌው አይዘጋም። በዚህ ሁኔታ ሞተሩን አታስነሱት። የቀጠነ ዘይት ብሮንዚኖችን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን መቀመጫዎች) ይበላል፤ ከዘይት ለውጥ በፊት አንድ ዙር እንኳ አይዞር።

ቱቦ፣ ፊልትሮ እና የካርቡሬተሩ የነሐስ አፍ

በእኔ እምነት ባለ ቮልሶች ከሁሉ በላይ ትኩረት ሊሰጡት የሚገባው ይህን ነው። ቮልስ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በካርቡሬተር ብልሽት ሳይሆን በትንሽ የጎማ ቱቦ ነው። ቱቦዎቹ ያሉት ሦስት ቦታ ነው፦ ከፊት ከሰልባትዮው ሥር፣ ከኋላ ካምቢዮው አጠገብ የብረቱ መስመር በሚያልቅበት፣ እና ሞተሩ ላይ። በጣት ጎንበስ አድርጓቸው፤ ከተሰነጠቁ፣ እንደ ብስኩት ከደረቁ ወይም ጨርቃቸው እርጥብ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን ቀይሩ። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ ነበር፤ የድሮ ጎማ ኤታኖልን አይወድም፣ ይለሰልሳል፣ ከውስጥ ይፋቃል። የተፋቀው ጥቁር ብናኝ ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚለካ ባለ ቀዳዳ ብሎን) ውስጥ ይቀረቀራል። ስትገዙ የድሮውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና ልኩን አመሳስሉ፤ የውሃ ቱቦ ወይም ግልጽ ፕላስቲክ በፍጹም አይሆንም።

የቤንዚን ፊልትሮ ብዙ ሰው ሞተሩ ላይ፣ ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ አንጠልጥሎ ያስቀምጣል። እባካችሁ ከዚያ አንሱት። ክብደቱ እየተወዛወዘ ቱቦውን ያወልቃል፤ የሚፈሰውም በቀጥታ እሳት ባለበት ላይ ነው። ቦታው ከመኪናው ሥር፣ ካምቢዮው አጠገብ ወይም ከፊት ሰልባትዮው ሥር ነው።

ቱቦው የሚሰካባትን የካርቡሬተር የነሐስ አፍ ደግሞ በጣታችሁ ያዙና ወዘወዝ አድርጓት። ተጠቅጥቃ የገባች እንጂ በጥርስ የታሰረች አይደለችም፤ ከዘመናት ሙቀት በኋላ ትላላለች፣ አንድ ቀን እየነዳችሁ ትወልቃለች። ከተንቀሳቀሰች ጥርስ አስወጥታችሁ በብሎን መልክ አሳስሯት። ይህን ሳታሠሩ መንገድ አትውጡ።

አሁን ካርቡሬተሩ

እሳቱ አለ፣ ቤንዚኑ በደንብ ይደርሳል፣ ግን ሞተሩ አይነሳም ወይም ተነስቶ አይቆይም። ከመፍታታችሁ በፊት ሁለት ነገር ቀርቷል። አንደኛው፣ ተነስቶ ነዳጅ መስጫውን ስትለቁት የሚጠፋ ከሆነ ካርቡሬተሩ ጎን ያለችውን ባለ ሽቦ የሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) መዝጊያ ፈትሹ። ሽቦዋን አውጥታችሁ መልሳችሁ ስትነኩ፣ ቁልፍ ተከፍቶ፣ «ጠቅ» ማለት አለባት። ካላለች ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሳትም ወይ ሞታለች። ሰው ሚኒሞውን በብሎን እያስጨመረ ወራት የሚነዳው በዚህች ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቾክ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛው ክዳን) ነው። ራሱ የሚሠራው ቾክ የሚነሳው ነዳጅ መስጫውን አንዴ እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ስትለቁት ነው። ሳትረግጡ ቁልፍ ካዞራችሁ በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ብርድ ላይነሳ ይችላል። ከተነሳ በኋላ ክዳኗ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ካልቆመች ወደ ማሞቂያዋ የሚሄደውን ሽቦ እዩ። ጥቁር ጭስና የረጠበ ካንዴላ ካለ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ያዙ፣ ሳትደጋግሙ፣ ከዚያ ቁልፍ አዙሩ። በየጊዜው የምትረግጡት ከሆነ መርጫው ተጨማሪ ቤንዚን እየለገሰ ያባብሰዋል።

አሁን ይፈታ። የላይኛውን ክዳን አምስት ብሎን አውጡ፣ ጓርኒሲዮኑን ሳትቀድዱ አንሱት። ገንዳው ሥር ያለውን ዝቃጭ ጥረጉ፣ ተንሳፋፊውን ነቅንቁት፤ ውስጡ ቤንዚን ከገባ ቀዳዳ አለው፣ አይድንም። መርፌውን በአፋችሁ ሳይሆን በመንፊያ ሞክሩት፤ በጣት ተጭኖ ሲዘጋ አየር ማሳለፍ የለበትም። ጄቶቹን ፈትታችሁ በአየር ንፉ። በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ጄት ላይ የተጻፈው 125 ማለት ቀዳዳው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ሽቦ የቧጠጠው ቀዳዳ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አይታመንም።

ስለ ጄት ካነሳን፣ ፋብሪካው የገጠመው ለዝቅተኛ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ 20 በመቶ ያህል ሳስቷል፤ በዚያው ጄት ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። 125 የነበረውን በ120 ወይም በ117.5 ለውጣችሁ ካንዴላውን ተመልከቱ። ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ገና ይበዛል፤ ነጭ ከሆነ ሳስቷል፣ ሞተሩንም ያሞቃል። ሁልጊዜ አዳማ ወይም ድሬዳዋ የሚመላለስ ሰው ግን ጄቱን ብዙ አይቀንስ።

ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ

አባይ በረሃን ወጥታችሁ ጎሐ ጽዮን ሻይ ልትጠጡ ስትቆሙ፣ ተመልሳችሁ ስታስነሱት እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሙቀት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ነፋሱም ይቆማል፣ ሙቀቱ ወደ ካርቡሬተር ይወጣል፣ ቤንዚኑ ይፈላል። ከፍታ ላይ ቤንዚን ቶሎ ይፈላል፤ ስለዚህ ቀኑ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ ይህን አትጣሉት። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይዛችሁ አስነሱ። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ማድረግም ለጊዜው ይረዳል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ነው፤ ከሥር የሚወጣውን ትኩስ አየር ከላይኛው ክፍል የሚለየው እሱ ነው፣ ብዙ መኪና ላይ ግን ተቀዶ ጠፍቷል። መልሱት። ቤንዚን ወደ ፓምፑ የሚወስደው ቱቦ ትኩስ ብረት እንደማይነካም እዩ።

መኪናው በሙቀት በጠፋበት ሰዓት፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ትርፉን ካንዴላ ሰክታችሁ እሳቱን ፈትሹ። ቦቢናም ኮንደንሰርም ሲሞቁ የሚሞቱና ሲቀዘቅዙ የሚነሱ አሉ፤ ቤት ደርሳችሁ በማግሥቱ ብትፈትሹ ምንም አታገኙም። ስለዚህ ትርፉ ካንዴላና አምፖሉ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይኑሩ።

ሁሉም ተገጥሞ ሲነሳ ወዲያው አትውጡ። ሞተሩ እየሠራ በእጅ ባትሪ ከፓምፑ እስከ ካርቡሬተር ያለውን እያንዳንዱን መጋጠሚያ እዩ፣ ከዚያ አጥፍታችሁ ከሰልባትዮው ሥርና ከካምቢዮው አጠገብ ተኝታችሁ ተመልከቱ። በማግሥቱ ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት የሞተሩን ክዳን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ ቤንዚን ከሸተተ የሚፈሰውን ቦታ ሳታገኙ ቁልፉን አትንኩ።